ከአባይ በረሃ የተነሱት ሁለት ድንጋዮች

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ከቤተሰብ ጋር ወደ ጎጃም ስንጓዝ አባይ በረሃ ላይ ሁለት ቦታ ቆመን ከመንገድ ዳር ድንጋይ አነሳን። የመጀመሪያውን ያገኘነው መውረድ እንደጀመርን፣ ከጎሐ ጽዮን ብዙም ሳንርቅ ነው። ጥቁርና ከባድ ነው፤ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ አንዳንዱ ቀዳዳ በነጭ ነገር ተሞልቷል። ሁለተኛውን ከዚያ በጣም ወርደን አነሳነው። ገረጣ ያለ ነው፤ ወደ ቢጫ ያደላል። ልጄ ትምህርት ቤት ሰዲመንታሪ እና ኢግኒየስ አለትን አወዳድሪ ተብላለች። የትኛው የቱ ነው? በምን ይለያል? የቱ ይበልጣል በዕድሜ? እግረ መንገዴን፣ ለቤት መሠረትስ የቱ ይሻላል? ልጄ ደግሞ የአክሱም ሐውልት ከየትኛው እንደተሠራ ጠይቅልኝ ብላለች።»

ጥቁሩ ባዛልት ነው። ከቀለጠ አለት ቀዝቅዞ የረጋ ስለሆነ ኢግኒየስ ይባላል። ገረጣው በቦታውና በመልኩ ስገምተው የኖራ ድንጋይ ነው። ባሕር ወለል ላይ ተከማችቶ የጠነከረ ስለሆነ ሰዲመንታሪ ነው። የሁለተኛውን ለማረጋገጥ ኮምጣጤ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ። ከዚህ በኋላ ኢግኒየስን የቅልጥ አለት፣ ሰዲመንታሪን የደለል አለት እያልኩ እቀጥላለሁ።

ልጅዎ ደብተሯ ላይ መስመር አስምራ በአንድ በኩል «ጥቁር፣ ከባድ፣ ጠንካራ»፣ በሌላ በኩል «ነጭ፣ ቀላል፣ ለስላሳ» ብላ መጻፍ ከጀመረች ግን እዚያው ያስቁሟት። ይህ ለያዛችኋቸው ሁለት ድንጋዮች ይሠራል። ለሌላው አይሠራም። ጥቁር የኖራ ድንጋይ አለ። ነጭ የቅልጥ አለትም አለ። ፑሚስ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነጣ ያለና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነው። አንዳንድ የአሸዋ ድንጋይ በበኩሉ መዶሻ የሚያነጥር ነው። ቀለም ብዙ ጊዜ የሚነግረን በድንጋዩ ውስጥ ብረት መኖር አለመኖሩን ነው እንጂ ድንጋዩ እንዴት እንደተወለደ አይደለም።

መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው። ድንጋዩን የሠሩት ፍሬዎች እርስ በርስ የተያያዙት እንዴት ነው?

የአሸዋ ድንጋይን እንውሰድ፤ የደለል አለት ባሕርይ እሱ ላይ ጎልቶ ይታያል። መጀመሪያ ሌላ አለት ነበረ። ፀሐይና ዝናብ ሰነጣጠቀው፣ ጎርፍ አንከባለለው፣ ወንዝ አደቀቀው። ፍሬዎቹ አንድ ቦታ ደርሰው ተቀመጡ፤ በላያቸው ሌላ ተደረበ። በመሬት ውስጥ የሚዘዋወር ውሃ ያዘለው ማዕድን በፍሬዎቹ መካከል እየረጋ አጣበቃቸው። ሰሊጥ በማር ተጣብቆ ሲደርቅ እንደሚሆነው ማለት ነው፤ እያንዳንዷ ፍሬ ለብቻዋ ትታያለች፣ በመካከል ደግሞ ማጣበቂያ አለ፣ ማጣበቂያው ያልደረሰበት ቦታም ባዶ ይቀራል። ማጣበቂያው ሲሊካ ከሆነ ድንጋዩ ይጠነክራል። ኖራ ከሆነ በአሲድ ይላላል። የብረት ዝገት ከሆነ ድንጋዩ ይቀላል።

ባዛልት ውስጥ ማጣበቂያ የሚባል ነገር የለም። ሲፈስ ሙቀቱ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። ሲቀዘቅዝ ክሪስታሎቹ እዚያው ቅልጡ ውስጥ በቀሉ። አንዱ በአንዱ ውስጥ እየገባ፣ የቀረውን ክፍተት ሌላው እየሞላ አደጉ። ስለዚህ የተጠላለፉ ናቸው። ከመሬት በላይ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ክሪስታሎቹ ለማደግ ጊዜ አያገኙም፤ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ሆነው ይቀራሉ። ያው ዓይነት ቅልጥ መሬት ውስጥ ታምቆ በዝግታ ቢቀዘቅዝ ኖሮ ክሪስታሎቹ በዓይን የሚታዩ ትላልቅ ይሆኑ ነበር።

ይህንን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ድንጋዩን ስበረውና አዲሱን ፊት ተመልከት ይሉናል አስተማሪዎቻችን፤ ልክ ናቸው። ለዓመታት ፀሐይና ዝናብ የመታው ፊት ውሸታም ነው። የስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ብታዩት እንኳ ብዙ ነገር ይታያል። የአሸዋ ድንጋይ ሲሆን ክብ ክብ ፍሬ ታያላችሁ፤ በጣት ሲታሽ አሸዋ የሚያራግፍም አለ። ባዛልት ሲሆን ድፍን ጥቁር ነገር ነው፤ አልፎ አልፎ ነጭ ዘንግ መሰል ወይም አረንጓዴ ብልጭታ ይታይበታል።

አሁን ወደ ቀዳዳዎቹ። ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ሁሉ የእሳተ ገሞራ ነው የሚባል ነገር አለ። አይደለም። በባዛልት ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የጋዝ አረፋዎች ናቸው፤ ቅልጡ ወደ ላይ ሲወጣ ጫና ይቀንሳል፣ ጋዙ ይፈላል፣ ሳያመልጥ ከረጋበት ቀዳዳ ይቀራል። የኖራ ድንጋይም ግን ይበሳል። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ስለሚሆን ኖራውን እያሟሟ ይቦረቡረዋል። ባሌ ውስጥ የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ የሶፍ ዑመርን ዋሻ የሠራው በዚህ መንገድ ነው። ልዩነቱ ቅርጹ ላይ ነው። የጋዝ አረፋ ክብ ወይም ሞላላ ሲሆን ግድግዳው ለስላሳ ነው። ሟሙቶ የተቦረቦረው የተዝረከረከ ነው፤ ስንጥቅን ይከተላል።

ቀዳዳውን የሞላው ነጭ ነገርም ያሳስታል። ባዛልቱ ከረጋ ከብዙ ዘመን በኋላ በውስጡ ያለፈ ውሃ ትቶት የሄደ ማዕድን ነው። ዚዮላይት ወይም ካልሳይት ሊሆን ይችላል። ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ማዕድን፣ ከሆነ ኮምጣጤ ሲነካው ይፈላል። ተማሪዎች እዚህ ላይ «ፈላ፣ ስለዚህ የኖራ ድንጋይ ነው» ይላሉ። የፈላው የቀዳዳው ሙሌት ነው እንጂ ድንጋዩ አይደለም። ኮምጣጤውን ነጩ ላይ ሳይሆን ጥቁሩ አካል ላይ ጠብ አድርጉ።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ልጅዎ ልትሠራው የምትችለው ፈተና ይህን ይመስላል። ገረጣውን ድንጋይ በቢላዋ ወይም በሚስማር ትፋቀው። የኖራ ድንጋይ ከሆነ ይፋቃል። ዱቄቱ ላይ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ጠብ ታድርግበት፤ ጥቃቅን አረፋ ካወጣ ነገሩ አለቀ። ድንጋዩ ላይ በቀጥታ ከማፍሰስ ዱቄቱ ላይ ማድረግ ይሻላል፤ ኮምጣጤ ደካማ አሲድ ስለሆነ ዱቄት ላይ ነው ቶሎ የሚታየው። ሳይፈላ በጥፍሯ እንኳ ከተፋቀላት ጂፕሰም ሊሆን ይችላል፤ በግድግዳ ላይ የምናውቀው ጀሶ የሚሠራበት ድንጋይ ነው፤ አባይ በረሃ ውስጥም ከኖራው ሥር በብዛት አለ። ቢላዋው ሳይፍቀው እሱ ራሱ መስታወት ከጫረ ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ መሆኑን ጠርጥሩ። ለጥቁሩ፦ ብርቱ ማግኔት በክር አንጠልጥላ ታስጠጋው። ባዛልት ውስጥ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ስላለ ማግኔቱ ወደ ድንጋዩ ሲያዘነብል ብዙ ጊዜ ይታያል።

ንብርብርነትን እንደ ማስረጃ ባትወስዱ ደስ ይለኛል። የደለል አለት በንብርብር እንደሚታወቅ መጽሐፉ ይናገራል፤ እውነት ነው። ግን አባይ በረሃ ላይ ቆመው ወደ ላይ ሲያዩ ባዛልቱም ደረጃ በደረጃ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ወይም ተከታታይ የላቫ ፍሰት ነው። በአንዳንድ ፍሰቶች መካከል ቀላ ያለ መስመር አለ። አንዱ ፈስሶ ቀዝቅዞ፣ በላዩ አፈር ለመሆን ጊዜ አግኝቶ፣ ቀጣዩ መጥቶ ያንን አፈር ጠብሶታል። ማለትም በቅልጥ አለቶች መሃል የተቀበረ የድሮ መሬት ነው። እኔ ከመኪና ስወርድ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ቀይ መስመር ነው። ከእሳተ ገሞራ የተበተነ አመድም አለ፤ ከሰማይ እየወረደ እንደ ደለል ይነባበራል፣ የመጣው ግን ከቅልጥ ነው። እንዲህ ያለው አለት በሁለቱ ክፍሎች ድንበር ላይ የቆመ ነው፤ የልጅዎ መምህር ከጠየቁ ክርክሩን እኔ ጀምሬዋለሁ በሏቸው።

ዕድሜን በተመለከተ ገረጣው በብዙ ይበልጣል። ከላይ ወደ ታች ስትወርዱ ያለፋችሁት እንዲህ ነው፦ ባዛልት፣ ከሥሩ የአሸዋና የጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰምና ስስ ስስ የሸክላ ንብርብር፣ ወንዙ አካባቢ ደግሞ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ። ባዛልቱ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የኖራ ድንጋዩ በጁራሲክ ዘመን፣ ከዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወይም ከዚያም በፊት የተከማቸ ነው። ያኔ ባሕር ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ ገብቶ ዛሬ ደጋ የምንለውን አገር ሸፍኖት ነበር። በኖራው ውስጥ የቀንድ አውጣና የሌሎች ባሕር ፍጥረታት ቅሪት የሚገኘው ለዚህ ነው። ባዛልት ውስጥ ግን ቀንድ አውጣ አትፈልጉ። በዚያ ሙቀት የሚተርፍ የለም።

«ከሥር ያለው ይበልጣል» የሚለው ደንብ ለደለል አለት አስተማማኝ ነው፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ተቀምጦ ነውና። መሬት ላይ ለፈሰሰ ላቫም ይሠራል። ከመሬት ሳይወጣ በንብርብሮች መካከል ሰርጎ ለረጋ ቅልጥ ግን አይሠራም። መቀሌ አካባቢ ዶለራይት የሚባል ጥቁር የቅልጥ አለት በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ጣልቃ ገብቶ ይገኛል። ከኖራው ሥር ስላያችሁት ይበልጣል ብትሉ ተሳሳታችሁ፤ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። የሚያጋልጠው ሙቀቱ ነው። ከሥሩም ከላዩም ያለውን ድንጋይ ጠብሶታል። መሬት ላይ የፈሰሰ ላቫ ግን የሚጠብሰው የረገጠውን ብቻ ነው።

ዓመቱ በቁጥር እንዴት ታወቀ የሚለውን ልጅዎ መጠየቋ አይቀርም፤ በሁለቱ አለቶች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ለእኔ እዚህ ጋ ነው። ፖታሲየም 40 የሚባለው ንጥረ ነገር በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ይለወጣል፤ ከፊሉ አርገን ጋዝ ይሆናል። ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። አለት ሲቀልጥ የቀድሞው አርገን ያመልጣል። ሲረጋ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ በቅልጥ አለት ውስጥ የተጠራቀመውን አርገን ለክቶ አለቱ የረጋበትን ጊዜ ማወቅ ይቻላል። የአሸዋ ድንጋይ ላይ ይህንን ብታደርጉ የምታገኙት አሸዋው የመጣበትን የድሮ አለት ዕድሜ ነው። ፍሬዋ አንድ ቢሊዮን ዓመት ሊሆናት ይችላል፤ ድንጋዩ ግን ትናንት የተጣበቀ ይሆናል።

ሁለቱ ተጋግዘው ያሳዩን ነገር ደግሞ በአገራችን አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ያለችው በደለል ውስጥ ነበር። አጥንት የሚያቆየው ደለል ነውና። የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜዋ የተሰላው ግን ከአጥንቷ ወይም ከደለሉ አይደለም። በአካባቢው ንብርብሮች መካከል ካለ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

ወደ ቤት መሠረቱ ልምጣ። በሁለቱ መካከል ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ፣ ያልበሰበሰ ባዛልት። ክሪስታሎቹ የተጠላለፉ ስለሆኑ ጭነት ይችላል፣ ውሃም ቶሎ አያበላሸውም። በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ካሰማ ጥሩ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ላልቷል። ለኮንክሪት የሚፈጨው ጠጠርም ሆነ መንደሩን ያለበስነው ኮብልስቶን በአብዛኛው ከቅልጥ አለት ነው። ይሁንና ባዛልት ሲበሰብስ የሚሰጠን ጥቁር አፈር ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ በላዩ የቆመውን ግድግዳ አብሮ ይሰነጥቃል። ጥቁር ድንጋይ ያለበት ሰፈር ስለሆነ መሠረቴ አስተማማኝ ነው ብለው እንዳይታለሉ። ዋልካው ተቆፍሮ መውጣት አለበት።

የደለል አለት ለግንባታ አይሆንም ማለቴ ግን አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ግድግዳ የሚለበጥበት የአምቦ ድንጋይ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ለጠራቢ የተመቸ፣ መልኩም ያማረ። ሲሚንቶ ደግሞ ከደለል አለት ውጭ አይታሰብም። የሙገርም፣ የመቀሌው መሰቦም፣ የድሬዳዋውም ፋብሪካ የቆመው የኖራ ድንጋይ ባለበት አካባቢ ነው። ኖራው ከሸክላ ጋር 1,450 ዲግሪ ገደማ ይጋገራል፤ ሲፈጭ ቶሎ እንዳይደርቅ ትንሽ ጂፕሰም ይገባበታል። ፒፒሲ የሚባለውን ከገዙ ከዚህ ላይ ፑሚስ ተጨምሮበታል። ያ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። አንዱ ጆንያ ሁለቱንም ይዟል።

ላሊበላና ገርዓልታን ያየ ሰው ልዩነቱን በዓይኑ አይቷል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ አለት ነው፤ ቀላ ያለ፣ በአረፋ የተሞላና የላላ በመሆኑ መሮ የሚቀበል። ገርዓልታ ላይ እንደ አቡነ የማታ ጉህ ያሉት የተፈለፈሉት ከአሸዋ ድንጋይ ነው። ያው ድንጋይ ነው ገደል ሆኖ ቀጥ ብሎ የሚቆመው። ጠራቢዎቹ ይህን ክፍፍል በመጽሐፍ አልተማሩትም፤ በመሮ ጫፍ ያውቁት ነበር ባይ ነኝ።

አባይ በረሃ ላይ መንገዱ ለምን በየጊዜው ይንሸራተታል ብለው አስበው ይሆናል። የዚህም መልስ ከሁለቱ ድንጋዮች ይመጣል። ከላይ ከባዱ ባዛልትና ኖራው አለ። ከሥር ጂፕሰሙና ስሱ ሸክላ አለ፤ ውሃ ሲጠጣ የሚላላ፣ የሚሟሟም። ክረምት ሲገባ ከሥር ያለው ይለሰልሳል፣ ከላይ ያለው ይጫናል፣ ከገደሉ የተናደ ክምርም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ እንደገና ድንጋይ ለማንሳት ከቆማችሁ በጋ ይሁን፣ ከገደሉ ሥር ሳይሆን ሰፋ ያለ ቦታ ላይ፣ የከባድ መኪና ፍሬን የማይፈተንበት ቀጥታ መንገድ ላይ።

የልጅዎ ጥያቄ ቀረ። የአክሱም ሐውልቶች ከቅልጥ አለት ናቸው፤ ግን ከባዛልት አይደለም። ላቫ ሆኖ አልፈሰሰም። መሬት ውስጥ በዝግታ የቀዘቀዘ ስለሆነ ክሪስታሎቹ በዓይን ይታያሉ። ብዙ ሰው፣ አስጎብኚዎችም ጭምር፣ ግራናይት ይሉታል። ግራናይት ግን ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ሊኖረው ግድ ነው፤ ይህኛው የለውም። በኳርትዝ ፈንታ ኔፌሊን የሚባል ማዕድን ስላለው ኔፌሊን ሳይናይት ይባላል። ድንጋዩ የተፈለጠው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለው ከጎቦ ድራ ነው፤ የጠራቢዎቹ የሽብልቅ ቀዳዳዎች ዛሬም በተርታ ይታያሉ። ንብርብርና ባዶ ክፍተት ስለሌለው ሳይሰበር ረጅም ሆኖ ሊወጣ ቻለ። የወደቀው ትልቁ 33 ሜትር ገደማ ነው። ያን ያህል ርዝመት ያለው አንድ ወጥ ድንጋይ ከአባይ በረሃው የኖራ ድንጋይ ላውጣ ብትል ንብርብሩ ጋ ሲደርስ ይከፈልባት ነበር።